የዓናቶት እርሻ፦ በጎ ተስፋ በዕለት ሥራ ውስጥ

ንጉሡ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ የአፈር ድልድል ይደለደላል፤ ከቅጥሩ ውስጥ እንጀራ እያለቀ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ከተማይቱ በናቡከደነፆር እጅ እንደምትወድቅ በግልጥ ስለ ተናገረ በንጉሡ ቤት ባለው የግዞት አደባባይ ታስሯል። በዚህ ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል ወደ ታሰረበት መጥቶ በዓናቶት ያለችውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የነቢዩ የትውልድ መንደር ናት። ከተማይቱን የከበበው ጦር በተንሰራፋበት ምድር ያለች እርሻ እንግዲህ ምን ዋጋ ይኖራታል? አናምኤል መሸጫውን ቀን ዐውቆ የመጣ ብልህ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ኤርምያስ ግን ገዛት። 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ ውሉን ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮችን አቆመ። የታተመውንና ያልታተመውን የውል ወረቀት ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ። ታሪኩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ይገኛል። መጽሐፉ ስለ ተስፋ ሊነግረን ሲነሣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ማኅተም፣ ስለ ምስክርና ስለ ሸክላ ዕቃ መተረኩን ልብ ይሏል። ነቢዩ ወደ ፊት በዚያች ምድር ቤትና እርሻ፣ ወይንም እንደሚገዛ አምኗል፤ እምነቱንም በገንዘብ ከፍሎበታል።

በጎ ተስፋን፣ በዘመኑ አነጋገር ቀና አስተሳሰብ የሚባለውን፣ በዚህ ታሪክ በኩል ለማየት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ቀና አስተሳሰብ ብዙ ይባላል፤ በሥልጠና አዳራሽም በሬዲዮም ይሰበካል። ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ግን ሰውን ለጊዜው አስደስቶ በማግሥቱ ባዶ እጁን የሚተው ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶች ደግሞ ይህን ጉዳይ በቃል ብቻ ሊያዩት አይችሉም። ምንጭ ሲደርቅ፣ የተተከለ ችግኝ ሲጠፋ፣ የተጀመረ ሕንፃ በመሠረቱ ሲቀር፣ ምእመናን ዐይናቸውን የሚጥሉት በእነርሱ ላይ ነውና።

በኤርምያስ ዘመንም ደስ የሚያሰኝ ቃል የሚናገር ሰው አልጠፋም ነበር። በምዕራፍ 28 የምናገኘው ሐናንያ በቤተ መቅደሱ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ የባቢሎን ቀንበር እንደ ተሰበረና የተማረከው ንዋየ ቅድሳት ሁሉ በ2 ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ተናገረ። ንግግሩን ለማጽናትም ከኤርምያስ አንገት ላይ የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰለት ቃል የሚያስደንቅ ነው፤ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ ብሎ አሜን አለ። የሐናንያን ምኞት አልጠላውም፤ እርሱም ቢሆን ለሕዝቡ የሚመኘው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን እውነት አልነበረም። በምዕራፍ 29 ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ የሚናገረው ስለ 70 ዓመት ነው። ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለ ተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል መልእክት ነው። ደብዳቤው በባቢሎን ሲነበብ ስንቱ ሰሚ እንዳዘነ መገመት አያዳግትም። በ2 ዓመት እመለሳለሁ ያለ ሰው አትክልት አይተክልም፤ ጓዙን እንደ ጠቀለለ ይቀመጣል። 70 ዓመት የተባለው ግን ዶማውን ያነሣል።

ሐናንያ በየአጥቢያው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ዛሬም አይጠፋም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሕንፃው በ2 ዓመት ይጠናቀቃል ብሎ በጭብጨባ የሚያስወስን ሰው ክፉ አሳቢ ነው ለማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ልበ ቅንና ትጉህ ሰው ነው። ጉዳቱ የሚታየው በ3ኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ሕንፃ ላይ ብቻ ሳይሆን በጉባኤው ቃል ሁሉ ላይ እምነቱን ያጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛ ዕቅድም የሐናንያን ዕዳ ይከፍላል።

ይህ ልዩነት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ባሉ ምስክሮችም ታይቷል። ቪክቶር ፍራንክል የተባሉት የቪየና ሐኪም በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በናዚ የማጎሪያ ካምፖች ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት መጽሐፍ የሚተርኩት ነገር አለ። ከ1944 የልደት በዓል እስከ 1945 አዲስ ዓመት ባለው ሳምንት በካምፑ የሚሞቱት እስረኞች ቁጥር ከተለመደው በላይ ጨመረ። የካምፑ ሐኪም እንዳስረዱት ምክንያቱ የሥራው ክብደት፣ የምግቡ ማነስ ወይም አዲስ ወረርሽኝ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ለልደት ቤታችን እንገባለን ብለው ቀን ቆርጠው ነበርና ቀኑ ሲያልፍ ልባቸው ተሰበረ። ፍራንክል ራሳቸው ተስፋን የሚያቃልሉ ሰው አልነበሩም። በሕይወት ለመቆየት ወደ ፊት የሚጠብቅ ሥራ ወይም የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ትልቅ ኃይል እንደሚሰጥ የመሰከሩ ናቸው። ያፈረሳቸው ቀጠሮው ነው።

ጋብሪዬለ ኧቲንገን የተባሉት ጀርመናዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎችን ባጠኑበት ጊዜ፣ ጥሩ ሥራ አግኝተው ሲኖሩ በሐሳባቸው ደጋግመው እየሳሉ የሚደሰቱት ከ2 ዓመት በኋላ ሲታዩ ያስገቡት ማመልከቻ አነስተኛ፣ ያገኙትም ሥራና ደመወዝ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ ከዚህ በፊት ካደረጉት ተነሥተው ይሳካልኛል ብለው የሚጠብቁት የተሻለ ውጤት አገኙ። ሁለቱም ቀና አሳቢዎች ናቸው። አንዱ ግን ፍሬውን በሐሳቡ አስቀድሞ በልቶታልና ለመድከም የሚያበቃ ረኃብ አልቀረለትም።

እዚህ ላይ ወደ ገበሬው ቤት እንግባ፤ ምክንያቱም በአገራችን ስለ ተስፋ ከገበሬ የሚበልጥ መምህር አናገኝም። በቤተ ክርስቲያናችን የወቅት አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፤ የመጀመሪያው ክፍሉም ስለ ዘርና ስለ ደመና የሚታሰብበት ነው። ይህ ጊዜ በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አካባቢ ጎተራው የሚሟጠጥበት፣ እናት የልጆቿን ድርሻ የምትቀንስበት ጊዜ ነው። በዚያው ቤት ጥግ ግን አፉ የተለሰነ ጎታ ወይም የታሰረ ስልቻ ይገኛል፤ ዘር ነው። ልጆቹ እየተራቡ ያንን እህል ተሸክሞ ወጥቶ በጭቃ ላይ የሚበትን ሰው ከሩቅ ለሚያየው ያልታወቀ እብድ ይመስላል። ዝናቡ እንደሚቀጥል ዋስትና የለውም፤ በረዶም፣ ውርጭም፣ ተባይም ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቀ ይዘራል። እንዲያውም በማወቁ ነው አንዱን ማሳ በጤፍ፣ ሌላውን በባቄላ የሚከፍለው፤ የማይደርስ መስሎ የታየውን ትቶ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር የሚመርጠው። ዘሩን የበላ ቤት ግን የዘንድሮውን ረኃብ ወደ ከርሞ ያሻግራል። ብዙ ቤተሰብ ወዶ ሳይሆን ተገዶ እዚያ እንደሚደርስ እናውቃለን፤ የአጥቢያ ጉባኤ በሰኔ ከሚያደርጋቸው ረድኤቶች ሁሉ ምናልባት ትልቁ የአንድን ቤት ዘር ከመበላት ማዳን ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ድምፅ እንስማ። ከሐናንያ ይልቅ በጉባኤዎቻችን ውስጥ የሚበዛው ይህኛው ነው፦ «ምን ይደረግ»፣ «ድሮም እዚህ አገር ሆኖ አያውቅም»፣ «እኛ ካልሆንልን የለም»። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ አንዳንዴም በእግዚአብሔር ፈቃድ ይሸፈናል። ወዲህ ግን የሰውን ልብ የሚያስር ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ምንም ቢያደርጉ የማይቆም የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘልለው ማምለጥ በሚችሉበት ስፍራ ሲገቡ ብዙዎቹ ሳይሞክሩ ተኝተው ሲቀበሉት አዩ። ሙከራው ጭካኔ ያለበት ነውና በዛሬ ሥርዓት የሚፈቀድ አይመስልም፤ ትምህርቱ ግን ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ በዚያን ጊዜ እንስሳቱ ረዳት የለሽነትን ተማሩ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የአንጎልን አሠራር ካጠኑ በኋላ የራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። በረጅም መከራ ውስጥ መፍዘዝ ሳይማሩት የሚመጣ ነው፤ የሚያስፈልገውና የሚማሩት «ያደረግሁት ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው ነው አሉ። ይህ ለእኛ የሚሰጠው ትርጉም ትልቅ ይመስለኛል። በድርቅና በጦርነት የቆየ አጥቢያ ቢፈዝዝ ሰነፍ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። አንድ ትንሽ ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ ሲሳካ ማየት ግን ያስፈልገዋል። ትልቁ ፕሮጀክት ከመምጣቱ አስቀድሞ የአንድ ምንጭ ዙሪያ ታጥሮ ንጹሕ ውኃ መቅዳት መቻሉ በገንዘብ ሲሰላ አነስተኛ ቢሆንም ለልብ ግን እንዲህ አይደለም።

ሴሊግማን በኋላ የጨመሩት ሌላ ነጥብም ለጉባኤ ሰዎች ይጠቅማል። ሰው ክፉ ሲገጥመው ለራሱ የሚሰጠው ማብራሪያ ነገውን ይወስናል። ችግሩን ዘላቂና ሁሉን የሚነካ አድርጎ የሚያብራራ ይደክማል፤ ጊዜያዊና በአንድ ስፍራ የተወሰነ አድርጎ የሚያየው እንደገና ይሞክራል። በችግኝ ተከላ እንመልከተው። በሐምሌ በደስታና በመዝሙር የተተከለው ችግኝ በግንቦት ሲታይ ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ቆሞ ተገኘ እንበል። «ይህ መሬት ዛፍ አያበቅልም፤ ሕዝቡም አይጠብቅም» ብሎ ቃለ ጉባኤውን መዝጋት ቀላል ነው። ሌላው መንገድ ግን ተነሥቶ መሄድና የሞተውን ችግኝ ማየት ነው። ተነቅሎ ሲታይ ላስቲኩ ሳይወልቅ ተተክሎ ሥሩ ተጠማዝዞ ይሆናል። ጉድጓዱ በተከላው ዕለት በጥድፊያ የተቆፈረና ጥልቀት የሌለው ይሆናል። በነሐሴ መጨረሻ ተተክሎ ሥሩ ሳይጠልቅ ዝናቡ አቁሞበት ይሆናል። ወይም ደግሞ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ሲለቀቅ ተበልቶ ይሆናል፤ የግንዱ ጫፍ የተነጨ መሆኑ ይህን ይናገራል። እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ መድኃኒት አለው፤ «ሕዝቡ አይጠብቅም» ለሚለው ግን መድኃኒት አይገኝለትም።

የቤተ ክርስቲያናችን ደኖች ራሳቸው የዚህ ምስክር ናቸው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ከአየር ላይ ለሚያይ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል እንደ ነጠብጣብ የሚታዩት አረንጓዴ ክቦች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው ሌላ ቦታ ሲጠፋ በዚያ የቀረው ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ በትውልድ ቅብብል ስለ ተጠበቀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በእነዚህ ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት አሳሳቢውን ነገር አሳይተዋል፤ የብዙዎቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ዘመን አይቆይም፤ ታላላቆቹ ዛፎች ካለፉ ከአፈሩ ብቻ ደን ተመልሶ አይነሣም። ከብት በሚገባበት ስፍራ አዲስ ችግኝ ለመቆም ይቸገራል፤ ከብት በተከለከለበት ግን ይበቅላል። ከዚህ በመነሣት በርካታ አጥቢያዎች ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ድንጋዩ ከማሳ መነሣቱ ለአራሹ ጠቀመ፤ ካቡ ለደኑ ጠቀመ። አሳሳቢውን እውነት በግልጥ የተናገረው ጥናትና የተሠራው ካብ አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ደኑ ደኅና ነው ብለው ቢያጽናኑን ኖሮ ካብ ባልተካበ ነበር።

ለካህናት አባቶች አንድ ነገር ለብቻው ማንሣት እንወዳለን፤ እርሱም «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ስለሚለው ቃል ነው። በቋንቋችን ከዚህ የሚበልጥ የተስፋ ቃል ያለ አይመስልም። በለቅሶ ቤት፣ በሕሙም አልጋ አጠገብ፣ ፈተና በወደቀ ልጅ ፊት እንናገረዋለን፤ «አይዞህ ባይ አያሳጣህ» ብለንም እንመርቃለን። ነገር ግን ቃሉ ተነግሮ ተናጋሪው ሲሄድ ባዶ ይሆናል። ኤርምያስ በኋላ በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር፤ ታሪኩ በምዕራፍ 38 አለ። አቤሜሌክ በመጀመሪያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ስለ ነቢዩ ተናገረ፤ ፈቃድ አገኘ፤ 30 ሰዎችም ተሰጡት። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን የሰውየውን ልብ ያሳያል። ወደ ቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈለገ፤ በገመድ አውርዶም ገመዱ እንዳይጎዳው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ ነገረው። ሰውን ከጉድጓድ ማውጣት ብቻ አልበቃውም፤ ሲወጣ ብብቱ እንዳይላጥ አሰበ። አይዞህ ማለት እንዲህ ነው። በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው ይኸው አቤሜሌክ በለስ ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ከ66 ዓመት በኋላ ሲነቃ በለሱ እንደ ለመለመ ነበር፤ የከተማይቱንም ጥፋት አላየም።

በዚሁ ላይ፣ ተስፋ ያጣውን ሁሉ በተግሣጽ ልናነሣው አንችልም። እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ ለሳምንታት ከሰው የተለየ፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ሰው ምናልባት በሕመም ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» የሚል ቃል በተላጠ ብብት ላይ ገመድ ማጥበቅ ይሆናል። የንስሐ አባት ጸሎቱን ያድርስለት፤ ብቻውን አይተወው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ያድርሰው። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ለአእምሮ ሕመምም መንገዱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ኤርምያስ የቀረውን ጨርሰን እናብቃ። ውሉን ለባሮክ ከሰጠ በኋላ ጸለየ፤ ጸሎቱም የተረጋጋ ሰው ጸሎት አይደለም። ድልድሉ ከከተማይቱ አጠገብ ደርሷል፣ ሰይፍና ረኃብ ቸነፈርም በላይዋ ናቸው፤ አንተም እርሻን ግዛ አልኸኝ እያለ ይጠይቃል። ጥርጣሬውን ከመግዛቱ በፊት አላስወገደም፤ ገዝቶ ነው የጠየቀ። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ወደቀች፤ እርሱም ሳይወድድ ከተረፉት ጋር ወደ ግብፅ ተወሰደ። የዓናቶትን እርሻ ሲያርስ የሚያሳይ አንድም ቃል አልተጻፈም። ሰነዱ ግን በሸክላ ዕቃ ውስጥ ነበረ።

በመጪው ክረምት ለሚሰበሰቡ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመክፈቻው የትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28፣ 29 እና 32 ይነበቡ። አባላቱ ባለፉት ዓመታት ካሳለፏቸው ውሳኔዎች የትኛው የሐናንያ፣ የትኛው የዓናቶት እንደ ነበረ በግልጥና ያለ ወቀሳ ይነጋገሩ። በዚህ ዓመት የሚተከለው ችግኝ ቁጥር ከአምናው ቢያንስም ግድ የለም፤ ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ አጥሩም ከአዝመራው አስቀድሞ ይዘጋጅ። በመስከረም አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ሁለተኛ ጊዜ ወርደው የቆመውን የሚቆጥሩ የሁለት ሰዎች ስምም በዚያው ዕለት በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።